ሦስት ፖስታ

ኦሩሮ ነው ቦታው። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል።
የምክር ቤቱ ማሞቂያ ካቻምና ተበላሽቷል።
ካፖርት እንደለበስን፥ አሥራ አራት ሰልጣኞች፥
ተቆጣጣሪ ልንባል፥ የመንግሥት ውል ዘቦች።

ኤውላሊያ ቾኬ፥ ከጡረታ ተመልሳ የመጣች፥
መነጽሯን በሲባጎ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፥
ሦስት ፖስታ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ጣለች።

“የትምህርት ቤት ጣራ፥ ሦስት ተጫራች ነበረ፤
አንደኛው አሸነፈ፤ ገንዘቡም ተቆጠረ፤
ልጁ ግን ዘንድሮም በዝናብ ሥር ተማረ።
ዋጋውን ተዉት” አለች፤ “ዋጋ መዋሸት ያውቃል።
ፊደሉን እዩ፤ የቸኮለ እጅ ያሳብቃል።”

አየን።
“ካላሚና” የሚል ቃል፥ የጣራ ክዳን ማለት፥
ሦስቱም ወረቀት ላይ አንዲት ፊደል ጎድሎበት።
ሦስት ማኅተም፥ ሦስት አድራሻ፥ ሦስት ሥራ አስኪያጅ፤
አንድ ስህተት። አንድ እጅ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
ያችን ፊደል አውቃታለሁ፤ የት እንደጠፋች አልረሳሁም።
ወንድሜ ዊልበር፥ በአባታችን የማዕድን ፋኖስ፥
እንቅልፍ እያዳፋው ቃል ሲያፈርስ፥ ሲያድስ፥
ያቺን አንዷን ሲዘላት፥ አሳዝኖኝ አለፍኩት፤
“ነገ ይታረማል” አልኩ። ነገን ይኸው አገኘሁት።

“ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ነቅዞ ነው ያየሁት” አለች፥
የጥቆማውን ቅጽ ለየአንዳንዳችን አደለች።
ከግርጌው አንድ ባዶ መስመር አለ፦
“ከተጠርጣሪው ጋር ዝምድና፥ ካለ።”

የእስክሪብቶዬ ቀለም ረግቷል፤ በትንፋሼ እስኪግል
ጠበቅሁ። ከዚያ “ወንድም” ብዬ ጻፍሁ፥
አንድም ፊደል ሳልዘል።