አርማው

ጅማ፣ አጂፕ ሰፈር፣ ጋራዤ ደጃፍ፣ ዝናቡ እንዳባራ
ሸምሰዲን አዲሱን መኪና ይዞ በጡሩንባ ጠራ።
«ና ተማም፣ በሩን ዝጋው እስቲ፤ ድምፁን ስማው» አለኝ፤
ዘጋሁት። እውነቱን ነው፤ ትራስ ላይ ያረፈ ቡጢ ሆነኝ።

ቆዳው ይሸታል፤ ጣራው መስታወት፣ ደመናው ይታያል፤
መሪው ላይ ግን ያ የታክሲ አርማ ቁጭ ብሏል።
ዋጋውን ሲነግረኝ መፍቻዬ ከእጄ ወደቀች፤
በዚህስ ዋጋ የጀርመኗም ባልተቀየመች።

ቅዳሜ ሰርግ ሄደ። የሆቴሉ ዘበኛ አርማውን አይቶ
«ታክሲ በጓሮ ነው» አለው፣ በዱላው ጠቁሞ፣ ፊት ነስቶ።

ሰኞ መጣ። «ንቀልልኝ።»
ከዘይቱና ፀጉር ቤት ማድረቂያ ተውሼ አሞቅሁት፤
በዓሣ ማጥመጃ ክር ከሥሩ ገዝግዤ ነቀልሁት።
ሙጫው ግን ዳናውን ተወ፣ የቀለበት ምልክት እንደ ቀረ በጣት፤
ስም አልባ ሆነ መኪናው፤ ሰው ሁሉ ስም አወጣለት፦
አንዱ «የእንግሊዝ ነው» ሲል፣ ሌላው «የሚኒስትር» አለው፤
ዘበኛውም በሩን ከፍቶ ሰላምታ ሰጠው።

ነሐሴ፣ ሌሊት፣ ከሰቃ ገባ ብሎ ጭቃው ሲያንቀው፣
ባለ ኮከቡ ቆሞ መብራቱን ብልጭ ድርግም ሲያደርገው፣
የኛው አንዴ አጉረመረመ፤ ዳገቱን በጥርሱ ነከሰው።
ከዚያው ደወለልኝ፦ «ተማም! ምን ብዬ ልንገርህ፣
የታክሲ ልብ ነው ያለው!»
«ታዲያ የማን መሰለህ?»

ይገባዋል ወይ? እንጃ። ዋጋው ዛሬም ያስቀኛል፤
አርማው መሳቢያዬ ውስጥ ከብሎን ጋር ይጠብቃል።
ዘይት ሊያስቀይር ሲመጣ ግን፣ ሰው አለመኖሩን አይቼ
በሩን እከፍትና እዘጋዋለሁ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ።