ውሃ ልክ

ጠዋት የጅሬን ጉም መስኮቱን ሳይለቀው፣
መሣሪያዬን ነው ቀድሜ የምጠይቀው፦
አራትን ታውቂያለሽ? ሰባትስ? አሥርስ?
ሦስቱ ብልቃጥ ውስጥ እየጠለቀች ስትመልስ፣
የብርጭቆ አፍንጫዋን በስስ ወረቀት
ነካ ብቻ፤ መጥረግ የለም፣ ትቆጣለች ድንገት።
ማደሪያዋ ጨው ውሃ ነው። አንድ ሌሊት ከደረቀች
በማግስቱ ቀጥ ብላ እያየችኝ ትዋሻለች።

አባቴ ግንበኛ ነበር፣ በጅማ አጋሮ መንገድ ላይ፤
ውሃ ልኩን ሳይጠይቅ አይጭንም ድንጋይ በድንጋይ።
ያቺ አረፋ መሃል ገብታ እስክትቆም ድረስ
እስትንፋሱን ይይዝ ነበር፣ ግንቡ እንዳይፈርስ።
እሱ በውሃ ግድግዳ ለካ፤ እኔ ውሃውን፤
ከሱ የወረስኩት ይኼን ነው፦ ትንፋሽ መያዙን።

ከአዌቱ ድልድይ ሥር፣ ከቦዬ ረግረግ፣
ከትምህርት ቤት ቧንቧ፣ ከገበያው ጥግ፣
ስም ያለው፣ ሰዓት ያለው፣ ፊርማ ያለው ውሃ፣
ካርድ አውጥቶ ተራውን እንደሚጠብቅ ድሃ።

ማክሰኞ ለት አባ መጫ ከነጭቃቸው መጡ፣
ከማና ማዶ፣ በሚኒባስ፤ ወንበር ስሰጥ አልተቀመጡ።
በቆረቆንዳ የተወተፈ የዘይት ጀሪካን
ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።
«ኢንታላ ኮ፣ ይችን እዪልኝ፤ ላሞቼ አፋቸውን ነክረው
ተመለሱ። ሰው ቢተው፣ ሰው የሰማውን ነግሮት ነው፤
ላምን ማን ነገራት?»

መመሪያው ግልጽ ነው። ዕቃው በወጉ ያልታጠበ፣
ሰዓቱ ያልተጻፈ፣ በበረዶ ያልቀረበ፣
አይመዘገብም። በአማርኛ አልኩ፤ ዝም። በሰባራ ኦሮምኛዬ
ደገምኩት። ሳቁ። «ውሃው መታወቂያ የለውም ነው የምትዪኝ፣ ልጄ?»

ለካሁት። ለመዝገብ አይደለም፤ ለላም አፍንጫ።
ስድስት አለች፤ አመነታች፤ አምስት፤ ከዚያ ሩጫ፤
አራት ነጥብ አንድ። ቆመች።
ትንፋሼን ለቀቅኩት።

ላይ፣ ከወንዙ ራስጌ፣ ቀይ እሸት ይፈለፈላል፤
ሙጫው ጉድጓድ ሞልቶ፣ ኮምጥጦ ይፈሳል፤
የላኪው ቡና እየነጣ፣ ላጋ ሰዲ ይጠቁራል።
እንዴት ላስረዳቸው? ከሰባት እስከ አራት ሦስት እርምጃ አይደለም፤
አንዱ እርምጃ አሥር እጥፍ ነው፣ ሁለቱ መቶ።
«ይሄ እንግዲህ» አልኩ «ሺህ ሊሞላ ትንሽ ጎደለው።»
«አራጣ ነዋ!» አሉ። ገባቸው። እኔን ዓመት የፈጀብኝ ነው።

ወረቀት ጠየቁ። ማኅተሙ በአቶ ሙኒር መሳቢያ፤
አቶ ሙኒር ስብሰባ፤ ስብሰባው ስለ ውሃ መጠበቂያ።
ያለ ማኅተም ቁጥር ወሬ ነው። መዳፋቸውን ዘረጉ፤
በእስክሪብቶ ጻፍኩላቸው።
እንደ ሳንቲም ጨብጠው፣ ዝናብ ውስጥ ገቡ።

ሲሄዱ የተጣራውን ውሃ ለካሁ፣ እንዲያው ለሙከራ፤
ማንም ያልነካው፣ ጨው የሌለው፣ ጠርቶ የሚያበራ።
ቁጥሩ አይረጋም። ሰባት ሲሉት ይሸሻል፤ ክዳኑን ከረሱት
የክፍሉን ትንፋሽ ጠጥቶ ይኮመጥጣል ሳይነኩት።
ንጹሕ ነው፤ ግን የሚይዘው የለም፤ ያገኘውን ይመስላል።
እኔም ስምንት ዓመት ንጹሕ ነበርኩ። ጋዋኔ ይመሰክራል።

ሐሙስ ያንኑ ሚኒባስ፣ በረዶ ሣጥን አቅፌ፣
ጉልበቴ ድረስ ገባሁ ላጋ ሰዲ፣ ጫማዬን ዳር አሰልፌ፤
ጠርሙሱን በራሱ በወንዙ ሦስቴ አለቅልቄ
አራተኛውን ቀዳሁ። ከደንኩት፣ አጥብቄ።
ላሞቹ ከዳገቱ ላይ፣ ሳይቀርቡ፣ ያዩኛል።
እርጥብ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ ያዳልጣል፤
ቢሆንም ጻፍኩ፦

ላጋ ሰዲ፣ ከእጥበት ጣቢያው በታች፤
ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ካፊያ፤
ናሙናውን የቀዳችው፦ እታገኝ ወልደየስ።

ፊደሎቹ ተንጋደዋል።
ልክ ነው።