ባዶውን ማን ይመዝናል

ከሬጂና ወጣ ብሎ፣ ሀዲዱ ከሚታጠፍበት፣
ሥራዬ መመዘን ነው፤ የጭነት መኪና ክብደት።
ምስር ይመጣል፣ ስንዴ፣ የሰናፍጭ ዘር፤
ብረት ወለሉ ላይ ሲቆም እጽፋለሁ ቁጥር።
አራግፎ ሲመለስ ደግሞ ባዶውን እመዝናለሁ፤
ከሙሉው ባዶው ሲቀነስ የተረፈው ነው እህሉ።
ሌላው ጎማ ነው፣ ናፍጣ፣ ሾፌሩ ከነአካሉ።

ዶክተር ፍሪሰን ትናንት ወረቀት ሰጠችኝ፣
ሁለት ጎን የታተመ፤ «አንብበህ ና» አለችኝ።
አፍ ይደርቃል፣ ይላል። እጅ ይንቀጠቀጣል።
እንቅልፍ ይበዛል። ሆድ ይገፋል። ስኳር ይወጣል።
ከታች፣ በትንሽ ፊደል፣ ጉንዳን በምታክል፣
ስለ መኝታ ጉዳይ አንድ መስመር ይላል።
እሷን መስመር ዘልዬ ለምንታምር አነበብኩላት፤
የዘለልኳት ሳትሆን አትቀርም ፈገግ ያሰኘቻት።

የድሮውን ክኒን አውቀዋለሁ፤
ሁለት ዓመት ውጬዋለሁ።
አሥራ ስምንት ኪሎ ጨምሬ ቀበቶዬን ለሰው ሰጠሁ።
ልጄ ናርዶስ ስትቀልድ፣
ቀልዱ ዛሬ ይገባኛል፤ ሳቁ ይመጣል በማግሥቱ፣
እንደ ዘገየ ደብዳቤ፣ ባለቤቱ ሲለቅ ከቤቱ።

ተውኩት በጥር፣
ለማንም ሳልነግር።
መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሱሪዬ ሰፋ። ሳቁም በሰዓቱ ደረሰ።
በሦስተኛው ሳምንት ግን ሰውየው ተመለሰ።

ሰውየው ስል ሰው አይደለም፤ ድምፅ ነው፣ አንገት የሌለው፣
ከሚዛኑ ሥር፣ ከጉድጓዱ፣ ስሜን አሳጥሮ የሚጠራው።
አማርኛው ከእኔ ይጠራል።
እውነቱን ልናገር፤ ክፉ ብቻ አልነበረም፤
በሌሊት ፈረቃ፣ ሠላሳ ከዜሮ በታች፣ ሌላ የሚያወራኝ አልነበረም።
የሾፌሮቹን ሐሜት ያሾልክልኝ ነበር፤
ግማሹ እውነት ነበር። እሱ ነው የሚያስቸግር።

ከዚያ ቁጥር ጀመረ። «አርባ ቶን አይደለም፤ ውስጡ ሕፃን አለ፤
ከምስሩ ሥር ነው፣ አውጣው፣ አውጣው» እያለ።
አካፋ ይዤ ወጣሁ። ጓንት የለ፣ ኮፍያ የለ።
ዲሚትሮ የሚሉት ሾፌር ኮቱን አለበሰኝ፤
«የለም» አላለኝም፤
«እሺ፣ የት ጋ ነው?» አለኝ።
አምቡላንሱ እስኪደርስ፣ በዚያ ጨለማ፣ በባዶ እጁ፣
አብሮኝ ምስር ቆፈረ።
ሁለት ጣቴ እስከ ዛሬ እንደ ደነዘዘ ቀረ።
አለመዋጥ የሚያመጣው ጉዳት፣
በየትኛው ጎን ነው የታተመበት?

«ከዚህ ሁሉ» አለችኝ ዶክተሯ፣ «የትኛውን መሸከም አትችልም?»
ሆዴን የምል መስሏት ነበር። «ሳቁን» አልኳት። አልገባትም።
ስለ ናርዶስ ነገርኳት። ብዕሯን አነሳች፤
ከስኳሩ መስመር ሥር፣ በእጇ፣ «ሳቅ» ብላ ጻፈች።
«ሌላ አለ» አለች፣ «ከዚያኛው ይቀላል ለብዙ ሰው፤
ግን እግር አላርፍ ይላል። ደምህን በየጊዜው እናየዋለን።
ካልሆነ እንነጋገራለን።»
ይሻልሃል አላለችም። ስለዚህ አመንኳት።

አሁን ሌሊት ነው። አንዲት ፍሬ መዳፌ ላይ፣
ምስር ታህላለች፣ ነጭ ምስር፣ ቢኖር።
ለቀልድ ወጥቼ ብረት ወለሉ ላይ አስቀመጥኳት፤
ዜሮ።
ተመልሼ አነሳኋት።

ሙሉውን መዝኛለሁ፤ ጽፌዋለሁ፣ ከነቀኑ።
ሰውየው ሲወርድ፣ ክኒኑ ሲወርድ፣
ባዶውን ማን ይመዝናል? እኔ ስንት ነኝ በሚዛኑ?

ከሩቅ የመኪና መብራት ይመጣል፤
ሙሉ ነው፣ ካነዳዱ ያስታውቃል።
እስኪደርስ፣ መስኮቱ ላይ የቀዘቀዘውን ውኃ
እስከ ጠርሙሱ ታች ጠጣሁት።