የቪትዝ ትንፋሽ

አዳማ ላይ ነፋስ ሠርቶ ይበላል፤
ኮረብታው ጫፍ ቆሞ መብራት ይፈትላል፤
ሥራ ያጣው ደግሞ አቧራ ተሸክሞ
ከእኔ ቪትዝ ገብቶ ይተኛል ተጋድሞ።

ሚያዝያ ነው፤ አስፋልቱ እንደ ሊጥ ይላላል፤
ሸሚዝ ከወንበር ጋር ተጣብቆ ይውላል።
«ኤሲ የለህም ወይ?» አለች አንዲት እናት
ከልጇ ጋር ሆና ወንጂ ሠርግ ስወስዳት።
ከፈትኩት። ዝም አለች። ነጠላዋን ሳበች፤
አፍንጫዋን ሸፍና መስኮት መስኮት አየች።
ልጁ ግን ይሉኝታ ገና መቼ ገብቶት፦
«እማዬ፣ የራሰ ውሻ አለ ከፊት!»

ውሻ የለኝም እኔ።
ያለኝ የካርቶን ጥድ፣ መስታወት ላይ አስሬ፣
አንድ ሎሚ፣ አንድ አበባ፣ አንድ የማላውቀው ፍሬ፤
ሁሉን ባንድ ሰቅዬ ከውሻው ሳጋጥም
ውሻው ሽቶ ለመደ እንጂ ከቤት አልወጣም።

ሂርጳ ዘንድ ወሰድኳት ከመናኸሪያው ጀርባ፤
«ሰላም» ሳይለኝ ገና አፍንጫው ቀድሞ ገባ።
«ስንት ዓመት ነዳሃት?» «አራት።» «ጓዳዋን አይተህ?»
«የምን ጓዳ?» ሳቀ። «ሳንባዋን ረስተህ!»
የዳሽቦርዱን ኪስ ፈታ፤ እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ፤
አንድ ጠፍጣፋ ነገር ጎትቶ አወረደ።

«ፊልትሮ ነው» አለኝ። ነጭ ነበር ሲሠራ፤
አሁን ግን የአራት ዓመት የአዳማ አቧራ፣
የኒም ቅጠል ድቃቂ፣ የንብ ግማሽ ክንፍ፣
አይጥ የጎተተችው የተቀደደ ሱፍ፣
ሸንኮራ ሲቃጠል የሚዘንበው ጥቁር፣
ደግሞም ከመሐሉ አንድ ረጅም ፀጉር።

ረጅም። ጫፉን ሂና የነካው።

ረምላ ናት።
ጠዋት ጠዋት ፍራንኮ ሳደርሳት
የፀሐይ መከላከያውን ገልብጣ፣ በዚያች ጠባብ መስታወት
ታበጥር ነበር፣ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅላ፣
እኔ ለእግሯ እየጮህኩ።
ዕቃዋን ካነሳች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው።
ቤቱን ቀለም ቀብቻለሁ፣ ፍራሹን ሸጫለሁ፣
ቁጥሯን ከስልኬ አጥፍቻለሁ።
ለካ ያልወጣችው ከዚህ ነበር፣
ነፋሱ ወደ ፊቴ ከሚመጣበት መንገድ።

ሂርጳ አየኝ። ምንም አላለም።
«ብሩሽ ላምጣ» ብሎ ሄደ።
ብሩሹ እግሩ ሥር ነበር።

ሲመለስ በቀለም ብሩሽ የአየር መውጫዎቹን ጠረገ፣
ጥርስ በጥርስ፣ እንደ ሕፃን አፍ።
ነፋሱን አራት ላይ ከፍቶ አረፋ ነፋባት፤ አስነጠሰች።
ከሥር ቀጭን ቱቦ አለች፣ ጭቃ የደፈናት፤
ተጋድሞ ገብቶ በሽቦ ወጋት፤
የስንት ክረምት ውኃ መሬት ላይ ተዘረገፈ፣
ሸተተ፣ ከዚያ አሸዋው ጠጣው።

«ስማ» አለኝ እጁን በቡትቶ እየጠረገ፣
«ሽታን በሽቶ አትደብድብ፤ ይለምደዋል።
ቤትህ ልትደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀርህ ኤሲውን አጥፋ፤
ማራገቢያውን ግን ተወው፣ ይንፋ።
ውስጧ ይድረቅ። እርጥብ ሆኖ የተዘጋ ነገር ነው
የሚሸተው።»
ስለ መኪና ነበር ያወራው። ስምንት መቶ ብር ተቀበለኝ።
አልተከራከርኩም።

አሮጌውን ፊልትሮ ከኒሙ ግንድ ጋር አጋጨው፤
ነፋስ መጣ፣ ያለውን ይዞ ወደ ቦኩ ሄደ።
አላየሁም ልል ነበር። አይቻለሁ።

አሁን ተሳፋሪ «ኤሲ» ሲለኝ እጄ አይፈራም፤
የሚወጣው አየር ምንም አይሸትም፣
ሎሚም፣ አበባም፣ ሰውም።
ምክሩን ግን መንገድ ላይ እረሳዋለሁ፤
በሬ ላይ ስደርስ ነው ትዝ የሚለኝ።
ሞተሩ እንደተነሳ፣ ማራገቢያው እያፏጨ
ጨለማ ውስጥ ቁጭ እላለሁ።
ጎረቤቴ ዱጋሳ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ፦
«አንተ ሰው፣ ምን ትጠብቃለህ?»
«እስኪደርቅ» እለዋለሁ።