ያጠረው እግር

ቫልዲቪያ ላይ ሰኞ ማለት ዝናብ ማለት ነው፤
የስቱዲዮው ክዳን ቆርቆሮ፣ ሰማዩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው።
አሥራ አራት ጀማሪዎች፣ የከሰል ቁራጭ በእጃችን፣
አንድ ተራ የእንጨት ወንበር መድረክ ላይ፣ ከመሐላችን።

«ወንበሩን አትሣሉ» አለች ኤርሚንያ፣ መምህራችን።
ተያየን።
«ወንበር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤
ዓይን ሳያይ ልብ ፈርዷል፤ ችግሩ ይኸው ነው።
በእግሮቹ መካከል ያለውን አየር ሣሉ።
ባዶውን ያዙት፤ እንጨቱ ራሱ ይመጣል።»

አየር እንዴት ይሣላል?
ባልታሳር፣ ስልሳ አንድ ዓመቱ፣ ጡረታ የወጣ የፖስታ ሰው፣
«አድራሻ የሌለው ነገር ይዤ አላውቅም» ብሎ አሳቀን።
እሷ አልሳቀችም።
እርሳስ አንሥታ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና
እንደ አነጣጣሪ ቆመች።
«ክርን አይታጠፍ። ክርን ከታጠፈ ልኩ ይዋሻል።»

ዘረጋሁ። ክንዴ ተንቀጠቀጠ።
ቁመቱን በአውራ ጣቴ እርሳሱ ላይ ቆነጠርኩ፤
ወረቀቱ ዘንድ እስካደርሰው መንገድ ላይ ፈሰሰብኝ።
አንዴ መደገፊያው ረዘመ፣ አንዴ መቀመጫው እንደ ትሪ ተዘረጋ፤
አጠፋሁ፤ ከሰል ደግሞ ጠፍቶ አይጠፋም፣
የስሕተቴ ጥላ ከሥር ሆኖ ያየኛል።

አልዋሽም፣ ጠላሁት ያንን ወንበር።
አውቶቡስ ውስጥ በተሳፋሪው ጉልበት መካከል ባዶ ቅርጽ እቆጥር ጀመር፤
ሦስት ማዕዘን፣ ግማሽ ጨረቃ፣ የተገለበጠ ጠርሙስ።
አሣ ገበያው ዳር የባሕር አንበሶቹ ሲጋደሙ
በሁለት ጀርባ መካከል የሚታየውን ወንዝ እንጂ እነሱን አላይም።
እናቴ «ምን ላይ አፍጥጠሽ ነው?» ትለኛለች፤
በአንገቷና በጉትቻዋ መካከል የገባችውን ብርሃን እያየሁ
«ምንም» እላለሁ።
እውነቴን ነው። ምንምን ነበር የማየው።

አምስተኛው ሰኞ ወጣልኝ። ወጣልኝ ብዬ ነበር።
ኤርሚንያ ከጀርባዬ መጣች፤
ጣቷን ሳታስነካ ከወረቀቱ በላይ አንሳፈፈች፤
«የኋላ ግራው እግር አጥሯል። እንደገና ለኪው» ብላ አለፈች።
ለካሁ፣ አጠረ። ለካሁ፣ ያው አጠረ።
ጠቅልዬ ወጣሁ።

አባቴ ጀልባ ጠጋኝ ነው፤
ግድግዳችን ላይ ያለው ሥዕል የፋርማሲ ቀን መቁጠሪያ ነው።
ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣
መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣
ዝም አለ፤ ሾርባው ቀዘቀዘ።
እኔ «ቆንጆ ነው» እንዲለኝ ነበር የጓጓሁት።
«የማን ወንበር ነው?»
«የኮሌጁ።»
«የኋላ ግራውን እርጥበት በልቶታል፣ ሁለት ጣት ያህል።
ሥሩ የሆነ ነገር ካልወተፉበት ሰው ይጥላል።»

በማግስቱ ክፍሉ ባዶ ሳለ ገባሁ፤
መድረኩ ላይ ተንበረከክኩ።
አራት ጊዜ የታጠፈ ካርቶን፣
አቧራ የለበሰ፣ ከመድረኩ ጋር አንድ ቀለም የሆነ።
እኔ አላየሁትም።
እጄ ግን አይታዋለች።

ኤርሚንያን ጠራኋት። ጎንበስ አለች፤ ጉልበቷ ቋ አለ፤ ቆየች።
«ዘጠኝ ዓመት» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለካርቶኑ እንጃ፣
«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን እግር አስረዝሙ ስል ኖርኩ።»

አባቴ ሽብልቅ ቀርጾ በጋዜጣ ጠቅልሎ ላከላት።
ሰኞ ሰጠኋት፤ አሸተተችው፣ ኪሷ ከተተችው።
ከዚያ ካርቶኑን ስባ አወጣችው።
ወንበሩ ዘመም አለ፤
በእግሮቹ መካከል ያለው አየር ሁሉ ተለወጠ።
አሥራ አራት ሥዕል በአንድ ጊዜ ውሸት ሆነ።
ባልታሳር በፖስታ ቤት ስድብ ተሳደበ።

እኔ አዲስ ወረቀት ሰካሁ፤
ክንዴን ዘረጋሁ።