ጣውንት

የመጨረሻ ጉዞው፣ ጡረታ ሊወጣ፣
ከጅቡቲ ወደብ አንቺን ይዞ መጣ።
ተሳቢውን አቁሞ፣ ጋቢናውን ከፍቶ፣
እንደ ታመመ ሕፃን በፎጣ ጠቅልሎ እቅፍ አርጎሽ ወጥቶ።
ሽቶ ነው ስጠብቅ፣ ካልሆነም ሽርጥ ነው፤
ጠጉራም ድንጋይ ሰጠኝ አረንጓዴ ቀንድ ያለው።
«ኮኮናት ነች» አለኝ፣ ግንባሩ በላብ ርሶ፣
«አገሯ ባሕር ዳር» ድምፁን ቀንሶ።
የጣናዋን ከተማ ያለኝ መስሎኝ ሳቅሁበት፤
ኋላ ነው የገባኝ፦ ጨው ያለው ባሕር ነው፣
ሙቀቱ እንደ ድስት ክዳን የሚደፋበት።

አዳማ በቀኗ ደግ ናት፣ ትሞቃለች፤
ኅዳር ከገባ ግን ሌሊት ትናከሳለች።
ነፋሷን ለማያውቅ ኮረብታው ይንገረው፣
ነጭ ብረት በሦስት ክንዱ ሌት ተቀን የሚቀዝፈው።

ሁንዴ ግን ቆፈረ።
ከኩሽናው ጀርባ፣ ጉድጓድ እስከ ጉልበቱ፣
የወንጂ ገለባ፣ የአዋሽ ዳር አሸዋ በጆንያ አስመጥቶ፣ ሳይታክት መሙላቱ!
«ጨው ትወዳለች» ብሎ ከማጀቴ ወስዶ አንድ ጣሳ በተነ፤
የዚያን ቀን ራታችን አልጫም አልጫ ሆነ።

«ሁንዴ» ነው ያሉት እናቱ ሲያወጡለት፣
ትርጉሙ ሥር ማለት፤
ሃያ ስድስት ዓመት በጎማ ሲንከባለል ሥር መቼ ነበረበት?
ጋላፊ ሲያመሽ፣ ሚሌ ላይ ሲያነጋ፣
እኔ ብቻዬን ነኝ በሩን የምዘጋ።
አሁን በየማለዳው በፒጃማው ወጥቶ፣
ቅጠልሽን በእርጥብ ጨርቅ አንድ ባንድ አጽድቶ፣
«ደህና አደርሽ?» ይልሻል።
እኔን? እኔንማ ሻዩ እስኪፈላ ዝም ይለኛል።

ጎረቤቴ ዘቢደር ባጥሩ ጫፍ ብቅ ብላ፣
«ጣውንትሽ ትከሻሽ ደረሰች» ብትል ግቢው በሳቅ ሞላ።
እኔም ሳቅሁ አብሬያት። ሌሊት ግን አገላበጠኝ፤
አንቺን የሰጠው እጅ፣ አምባር ያለው እጅ፣ ዓይኔ ላይ መጣብኝ።
አልጠየቅሁም።
መንገድ የበላውን ጡረታ አይተፋውም።

የዘቢደር ልጅ ደግሞ፣ እርሻ የተማረው፣ አንድ እሑድ መጥቶ፣
«እዚህ አታፈራም» አለን፣ ግንድሽን በጣቱ መትቶ።
ሁንዴ ሻይ ቀዳለት፣ ቃል ግን አልጨመረ፤
ልጁ ሲሄድ ተነሥቶ፣ በነፋሱ በኩል፣
የጭነቱን ሸራ በእንጨት ወጠረ።

በአራተኛው ታኅሣሥ ጉልበቱ ከዳው፤
ሆስፒታል አስተኙት፣ ሐኪሙ ሊቀደው።
ማታ ደወለልኝ። ስለ ራሱ አይደለም፤
«አልብሰሻት እደሪ» አለኝ፤ «ዛሬ ደመና የለም።»
ስልኩን ዘጋሁና ማልሁኝ፣ ከአልጋ አልወርድም፤
ጣውንቷን የምታለብስ ሴት በኛ ዘር አትወለድም።

በዘጠኝ ሰዓት ግን ቆርቆሮው ቋ አለ፣
ብርዱ ጨብጦት ነው፤ እንቅልፌ ከአልጋው ላይ እንደ ድመት ዘለለ።
ውኃ ጣድሁ።
ሁለት ቢጫ ጀሪካን እስከ አፋቸው ሞልቼ፣
የስልኬን መብራት በጥርሴ ይዤ፣ በነጠላ ጫማ ጓሮ ወጥቼ፣
ግራና ቀኝሽ አስጠጋኋቸው።
ከዚያ የሱን ጃኬት፣ ያንን ናፍጣ ናፍጣ የሚለውን፣
እጅጌውን አስሬ ሸፈንሁበት፣ ነፋስ የቀዳደደውን ገላሽን።

መሃልሽን ስዳስስ፣
እንደ ጦር የተጠቀለለ አንድ ቅጠል፣ ገና ያልተፈታ፣
ባሕር አይቶ የማያውቅ፣ የዚሁ ጓሮ ልጅ፣ የዚሁ አቧራ ጌታ።
እኔም ባሕር አላውቅም።
ጎንሽ ቁጭ አልሁ፤ የጀሪካኑ ሙቀት ለሁለታችን አያንስም።

ስሜን ያወጣችው ታላቅ እኅቴ ናት፣
«እታፈራሁ» ብላ፣ የተወለድሁ ለት፤
ስልሳ ዓመት ስጠራበት
የሷ ደስታ ነው እንጂ የኔ ነው አላልሁም፣ እስከዚያች ሌሊት።

ሲነጋ ደወለ፣ ድምፁ ገና የመርፌው እንቅልፍ እያለበት።
«እንዴት አደረች?» አለኝ።
«ማን?» አልሁት።