ሦስተኛው ረድፍ

ቅዳሜ በመጣ፣ ሲቃረብ አሥራ አንድ ሰዓት፣
መርዝ ጠጥቼ እወድቃለሁ በሦስት መቶ ሰው ፊት።
መርዙ የሎሚ ውሃ፣ ዋንጫው ከክበብ የመጣ፣
የባላባት ልጅ ነኝ፣ ከእልፍኙ ደጅ እንዳልወጣ
የተቆለፈብኝ፤
ቀለም ሲበጠብጥ አይቶኝ፣ ምስኪን ጸሐፊ የወደደኝ።
ደራሲው ቀድሞ ሞቷል፤ ማንም ሄዶ አይለምነው፤
"ልጅቱን ተዋት፣ ትኑር" ቢሉት፣ የተጻፈው ያው ነው።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ፣
ሱፉን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ባርኔጣው በጉልበቱ አፋፍ፣
አቶ ወልደየስ አለ፤ ወላጄ፣ የግራም ሰው፣
ከሚዛኑ ላይ ብናኝ አምልጦት የማያውቀው።
ወርቅ ቤቱ ፒያሳ ነው፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ።

ዋንጫውን ሳነሣ መሐረቡን ያወጣል፣
በዚያ ጨካኝ ባላባት ጥርሱን ያፋጫል፣
"አረመኔ! ምን ነበረ ቢድራት?" ይላል፤
የጎኑ ሰው ይሰማዋል።

ከዚያ በእግር ስንወርድ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ሳንደርስ፣
እንባው ከጉንጩ ሳይደርቅ ይጀምራል ሲከስ፦
"ሽማግሌ የላከው ሰው፣ ሁለት ሱቅ ያለው፣ ምን ጎደለው?
በዳሳ የሚሉት ማነው? ሰባት ቤቱን ማን ቆጠረው?
ሽቦ ቀጣይ!"
ዝም እላለሁ።
እሱንም፣ አክስቴ እንዳለችኝ፣ የእናቴ ወገኖች በዘመኑ
"ቀጥቃጭ" ብለው ከደጃቸው ውሻ ለቀውበታል፤
ባቱ ላይ ጠባሳ አለ፤ ስጠይቀው "እሾህ" ይላል።

አንድ ነገር ግን አላየም ያ ሚዛነኛ ዓይኑ፦
በዳሳ ከኋላው ነው፣ እላይ ከሰገነቱ፤
የጋለው ፓውዛ ጣቱን እየለበለበው
ብርሃኑን በአባቴ ራስ አሻግሮ ለእኔ ይልከዋል፤
ግንባሬን፣ አንገቴን፣ የሚንቀጠቀጥ እጄን
ሰው ሁሉ እያየ፣ ማንም ሳያይ፣ ይዳስሰኛል።
ስወድቅ፣ ደራሲው "ጨለማ" ብሎ ጽፏል።
በዳሳ አያጠፋም። እስከ አሥር ይቆጥራል።

ባለፈው ቅዳሜ አባቴ ድልድዩ ላይ ቆመ ድንገት፤
"መጨረሻው ላይ" አለ፣ "ያ መብራት፣
ስትወድቂ ቶሎ አልጠፋም። ማን ነው እሱን የያዘው?"
ወንዙን አየሁ። ክረምት ነው፤
ቅጠል፣ ነጠላ ጫማ፣ ቆርቆሮ ይዞ ይወርዳል።
"እኔ እንጃ" አልኩት።
"እጁ ጥሩ ነው" አለ፣
ወርቅ ሠሪ ስለ ወርቅ ሠሪ እንደሚለው።